አልፎበታል አትበሉ

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ስብሰባችን ላይ የተናገርኩትን፣ ማዳም አልለቅም ብላችሁ ለቀራችሁት እንዲደርስ ጻፊው ተብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ቤታችን የደረሰውንና ከሐኪም የሰማነውን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ነበር። ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። ጎረቤት አንዱ እርግማን ነው አለ፣ ሌላው እናቱ እርጉዝ ሆና የፀሐይ ግርዶሽ አይታ ነው አለ። እናቴ አፍራ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ታስገባው ነበር። ትምህርት ቤት ንግግሩን እያስመሰሉ ሲስቁበት ከሁለተኛ ክፍል አቋረጠ።

እኔ እዚህ መጥቼ አራት ዓመት ሙሉ ብር ስልክ ለቆርቆሮ፣ ለበሬ ነው። ስለ እሱ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ብዙ ብር ይፈጃል፣ ደግሞም በሕፃንነቱ ካልተሠራ አልፎበታል ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። አንዲት እህታችን የአክስቷ ልጅ በነፃ እንደታከመች እዚሁ ስታወራ ባልሰማ ኖሮ እስከ ዛሬም አላውቅም።

እንደ ስማይል ትሬይን ያሉ ድርጅቶች በሚረዷቸው ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮኑ በነፃ ነው። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታልም ይህ ሕክምና አለ። እኛን የቸገረን የመኪናና የማደሪያ ብር ነበር፤ እሱን ከማኅበራችን ሣጥን ሰጣችሁኝ። ወንድሜ በ21 ዓመቱ ተሠራ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ከንፈር አብዛኛውን ጊዜ በ3 እና በ6 ወር መካከል፣ ላንቃ ደግሞ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሠራ ጥሩ ነው ይላሉ። ልጁ አፉን ሳይፈታ ላንቃው ከተዘጋ ንግግሩ የመስተካከል ዕድሉ ሰፊ ነው። የወንድሜ ከንፈር አምሮ ገጥሟል፤ ምግብም በአፍንጫው አይመለስም። ድምፁ ግን አሁንም በአፍንጫው ይወጣል፤ ምላሱ የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም፣ የንግግር ልምምድ ይፈልጋል። እሱን ያጣው እኛ ስለዘገየን ነው።

ስለዚህ አገር ቤት ስትደውሉ ጠይቁ። ሕፃን ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ። ትልቅ ሰው ከሆነም አልፎበታል አትበሉ፤ ግን ንግግሩ ወዲያው ይስተካከላል ብላችሁ ተስፋ አትስጡት። ከመንገድ በፊት ሆስፒታሉ ተደውሎ ቀን ይያዝ። ሳል ወይም ትኩሳት ካለው ቀጠሮው ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ለተጨማሪ ቀናት የሚሆን ብር ይያዝ። እናትየዋን ደግሞ አትውቀሷት፣ ጥፋቷ አይደለም።

ድሮ በኢሞ ስደውል ወንድሜ ስልኩን ወደ ጣሪያው ያዞረው ነበር፤ የማየው ያንን በእኔ ብር የተገዛ ቆርቆሮ ነው። አሁን ፊቱን ያሳየኛል። የሰጣችሁኝን ብር ወደ ሣጥኑ መልሼ ጨርሻለሁ፤ ለቀጣዩ ሰው ይሁን። የሚያስፈልጋት እህት ካለች አትፈሪ፣ እሑድ ነይና ንገሪን።