ከሙቀት ስለሚወጡ ጫጩቶች ማደሪያ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጫጩት ነው። የጤና ሰዎችን ስለ ዶሮ ምን አገባቸው እንዳትሉን፤ ነገሩ ከልጆቻችሁ ጤና ጋራ የተያያዘ ነው።

ጫጩት እስከ አምስተኛው ወይም እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ በእናቲቱ ክንፍ ሥር ወይም በጭድ በተከበበ ሣጥን ውስጥ ሙቀት እያገኘ ያድጋል። ከዚያ በኋላ ላባ ስለሚያወጣ ብርዱን ራሱ ሊችለው ይጀምራል። ይሁን እንጂ ከትልልቆቹ ዶሮዎች ጋራ ለማደር ገና አቅም የለውም፤ ለዚያ ሦስት ወር ተኩል ያህል ሊሆነው ይገባል። ታዲያ በመካከሉ ባሉት ሁለት ወራት የት ይደር?

በብዙ ቤት የሚደረገው ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ጫጩቶቹን ከትልልቆቹ ጋራ ይቀላቅላቸዋል። ትልልቆቹም ይነቁሯቸዋል፥ ጥሬውንም ይከለክሏቸዋል። ደግሞም ትልቁ ዶሮ ሕመም ሳይታይበት ኮክሲዲያ የሚባል፥ በዐይን የማይታይ ተሐዋሲ ከኩሱ ጋራ ይጥላል። ጫጩት ይህን ከምግቡ ጋራ ሲለቅም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ብዙ ጊዜ ይሞታል።

ሌላው ቤተሰብ ደግሞ ሸለምጥማጥና ድመት እንዳይበላበት ፈርቶ፥ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ያሳድራቸዋል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ለአንዲት እናት ዐሥር ቄብ ማለት ዕንቁላል፥ ጨውና የልጅ ደብተር ነውና። ዳሩ ግን በዚያው ወለል ላይ ዳዴ የሚል ሕፃን አለ። ኩሱን በእጁ ይነካል፥ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል። ጤነኛ በሚመስል ዶሮ ኩስ ውስጥ እንኳ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉ ጀርሞች ሊገኙ ይችላሉ፤ እነዚህም በሕፃኑ ላይ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣሉ። በምሥራቅ ሐረርጌ በሐረማያ እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ጥናት፥ አንድ ዓመት ያለፋቸው ሕፃናት ሰገራ ሲመረመር በግማሽ ያህሉ ካምፒሎባክተር ተገኝቷል። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን የበላው አይሆነውም፥ እድገቱም ወደ ኋላ ይቀራል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ጫጩቱን አድናለሁ ሲሉ ልጁን ማሳመም።

ስለዚህ ለእነዚህ ታዳጊዎች የራሳቸው ትንሽ ማደሪያ ይሠራላቸው እንላለን። አባትና ልጆች ተረዳድተው በአካባቢው በሚገኝ እንጨት ሊሠሩት ይችላሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው።

1ኛ፤ ቦታው ከመኖሪያ ቤትና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ ያለ፥ ነገር ግን ሌሊት ቢንጫጩ የሚሰማበት ይሁን። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ቢዞር የጧት ፀሐይ ይገባዋል።

2ኛ፤ ለ20 ጫጩት ርዝመቱ 4 ክንድ፥ ወርዱ 2 ክንድ ይበቃል። ከዚህ ከጠበበ እርስ በርሳቸው ይነቃቀራሉ።

3ኛ፤ ወለሉ ከመሬት 2 ክንድ ከፍ ብሎ በሸንበቆ ወይም በቀጫጭን እንጨት ይረብረብ። በእንጨቶቹ መካከል የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተው፤ ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል፥ ጫጩቱም በኩስ ላይ አይተኛም።

4ኛ፤ ግድግዳው እስከ እኩሌታው በጭቃ ይመረግ፥ ከዚያ በላይ አውሬ የማያሾልክ፥ አየር የሚያስገባ ርብራብ ይሁን። ጣራው ዝናብ የማያስገባ፥ በሩም መወርወሪያ ያለው ይሁን።

5ኛ፤ ከወለሉ በታች ያለው ቦታ ልጆችና ሌሎች ዶሮዎች እንዳይገቡበት ይታጠር። ኩሱ በየቀኑ እየተጠረገ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይጣል።

ጫጩቶቹን በድንገት ከሙቀት አታውጧቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ቀን ያለ ሙቀት ይዋሉ፥ ሌሊት ወደ ሣጥናቸው ይመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አዲሱ ቤት ይግቡ። የሚያውቁት የውሃና የጥሬ ዕቃ አብሯቸው ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ማዕዘኖቹን በጭድ ሙሏቸው፤ ጫጩት ሲበርደው በማዕዘን ይደራረብና የታችኞቹ ታፍነው ይሞታሉ። ነፋስ የሚመጣበትንም ጐን በጆንያ ጋርዱት። ተጠጋግተው ከተንጫጩ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋልና ጆንያው ይነሣ። ቀን ሲለቀቁም በተከለለ ስፍራ ይዋሉ እንጂ ወደ ቤት አይግቡ።

ማደሪያውን የጠረገ ወይም ዶሮ የነካ ሰው፥ ምግብ ሳይነካና ልጅ ሳያቅፍ እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ ይሹት። ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ጡት አታስጥሉት፤ ሕይወት አድን ቅመም አጠጡት፥ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። ተቅማጡ ደም ካለበት ግን ሳታድሩ ሂዱ።

እናቶች ሆይ፤ ዶሮ ለቤታችሁ በረከት ናት፥ አርቡ። ነገር ግን ቤቱ ለልጁ፥ ማደሪያው ለጫጩቱ ይሁን።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።