ስለ ጁሪ ዳኞች



በከዚራ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ደብዳቤ ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ፍርድ ቤት ጠርቶኛል» የሚለውን ቃል ካዩ በኋላ የቀረውን ለማንበብ ድፍረት አጥተው፣ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አድረዋል። «ምን አድርጎ ነው የተከሰሰው፣ ልጄ?» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ሳነበው፣ ልጁ የተጠራው ሊፈርድ እንጂ ሊፈረድበት አልነበረም። የዚያን አገር ዜግነት ካገኘ ወዲህ ግዴታው ሆኗል። ይኸው ጭንቀት ሌሎችንም ወላጆች ሊያገኝ ስለሚችል ነገሩን ላስረዳ ወደድሁ።

ጁሪ የሚባሉት ሕግ ያልተማሩ፣ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የሚወጡ ፈራጆች ናቸው። በአሜሪካ ስማቸው የሚወጣው በአብዛኛው ከመራጮችና ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነው። መጥሪያ የደረሰው ሁሉ ግን አይቀመጥም። ተከሳሹን ታውቀዋለህን? አንተስ እንዲህ ባለ ወንጀል ተጎድተህ ታውቃለህን? እየተባለ ይመረመራል፤ አድልዎ የታየበትም ይሰናበታል። ከዚህ በላይ ግራ ቀኙ በቁጥር የተወሰኑ ሰዎችን ምክንያት ሳይሰጡ ማስነሣት ይችላሉ። ሆኖም ዐቃቤ ሕግ ሰውን በዘሩ ምክንያት እንዳያስነሣ በ1978 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከልክሏል።

የተቀመጡት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ 12፣ ምስክር ሰምተው በዝግ ክፍል ይመክራሉ። ነገሩ መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን የሚለዩት እነርሱ ናቸው፤ ሕጉን የሚያስረዳቸው፣ ብዙ ጊዜም ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት በመላው አሜሪካ የሁሉም ድምፅ አንድ መሆን አለበት።

በእኛ አገር ጁሪ የለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከእንግሊዞች ልማድ ብዙ ሲወስድ ይህን ትቶታል። ነገር ግን ተራ ሰው ተቀምጦ መፍረዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ተሟጋቾች ነጠላቸውን ቋጥረው መንገደኛውን «ዳኛ ሁነን» ቢሉት እንቢ ለማለት አይቻለውም ነበር። በችሎትም አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ነበር፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረማ ማን ደፍሮ ይቃወመዋል? (በመሥሪያ ቤት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል።) በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት ኢሳዎች ዘንድም፣ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ በቅርስነት የመዘገበው ሄር ኢሴ የተባለ፣ በቃል የሚተላለፍ ሕግ አለ፤ 44 ሽማግሌዎች ያሉበት ጉባኤም አለው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከሥራ ብቀር ደመወዜ ይቀነስብኛል፤ እንግሊዝኛ አልችልም ብዬ ላምልጥን? ሲል ጠይቋል። ይህ በመሐላ ፊት ውሸት ነው። በእውነት የሚጎዳ ከሆነ ቀን እንዲዛወርለት ይለምን፤ ዝም ብሎ መቅረት ግን ያስቀጣል። እኔስ ባይቀር እመርጣለሁ። ምናልባት በተከሳሹ ወንበር የሚቀመጠው የእኛው ወገን ይሆናል፤ በዳኛ ፊት ዓይኑን ወደ መሬት መስበሩ አክብሮት እንጂ የጥፋት ምልክት አለመሆኑን ከ12ቱ መካከል የሚያውቅ አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

ይኸንኑ ጽፈን ላክንለት። እናቱ ግን አንድ ነገር አስጨመሩ፤ በዚያች ቀን ደኅና ካፖርት እንዲለብስ።