ኮምፒዩተርን ስለ ማደስ የተደረገ ንግግር



የቤታችን ኮምፒዩተር ሲዘገይ ወላጆቻችንን «አዲስ ግዙልን» ለማለት እንቸኩላለን። መድኃኒት ከመግዛት በፊት ግን በሽታውን መመርመር ይገባል። ሲከፈት የሚያዘግምና የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ያለው ከሆነ፥ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መለወጥ ፍጥነቱን እጅግ ያሻሽለዋል። ብዙ ፕሮግራም ባንድነት ሲከፈት ብቻ የሚደክም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ያነሰው ራም ነው። ራምም ዓይነት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የወጣው ዲዲአር 4 በዲዲአር 3 ማስገቢያ አይገባም፤ ከግርጌው ያለው ክፍተት ቦታው ልዩ ነውና። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት የማዘርቦርዱን ስምና ቁጥር በወረቀት እንጻፍ። ነጋዴ ያለውን ይሸጣል፤ የሚያስፈልገንን ለይቶ ማወቅ የኛ ፈንታ ነው። ትምህርታችንም የወላጆቻችንን ገንዘብ ከብክነት ሲያድን ይታይ።