ተቀምጦ የሚበላ፣ ተጠቅልሎ የሚወሰድ፦ በምግብ ቤት ሽያጭ ላይ ስለሚጣል ታክስ



ንግግሬን በአንድ ሳህን ምግብ እጀምራለሁ። በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈር፣ አንዲት ባለ ምግብ ቤት አለች እንበል። ሁለት ደንበኞች ይመጣሉ። አንደኛው ተቀምጦ ቲማቲም ፍትፍት ይበላል፤ ሁለተኛው ያንኑ ፍትፍት አስጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ዋጋው አንድ ነው፤ የሠራችውም እጅ አንድ ናት። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን የመጀመሪያው ሽያጭ ታክስ ይከፈልበታል፤ ሁለተኛው በመርሕ ደረጃ ነፃ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ግዛቲቱ ለሰው ምግብነት የሚሸጡ ሸቀጦችን በአጠቃላይ ከሽያጭ ታክስ ነፃ ታደርጋለች። ድሃ ከገቢው ትልቁን ድርሻ ለምግብ ስለሚያወጣ፣ በምግብ ላይ የሚጣል ታክስ ከሀብታሙ ይልቅ በእሱ ላይ ይከብዳል። ምግብ ቤት ገብቶ የሚመገብ ሰው ግን ከምግቡ ጋር ወንበሩን፣ አስተናጋጁንና የዕቃ አጠባውን ጭምር ይገዛል። ስለዚህ ሕጉ ሸቀጥን ከመስተንግዶ ሊለይ ሞከረ። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው የምግቡ ሙቀት ሲታከልበት ነው። ትኩስ ሆኖ የተዘጋጀ ምግብ፣ ተቀምጠው ቢበሉትም ይዘውት ቢሄዱም፣ ታክስ አለበት። የ20 ዶላር ሽሮና ቀይ ወጥ አስጠቅልሎ የሚሄድ ሰው፣ በግዛቲቱ መነሻ ምጣኔ በ7.25 በመቶ 1 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይጨምራል፤ የየአካባቢው ተጨማሪ ሳይቆጠር። «ወጡ እኮ ቀዝቅዞ ነበር» የሚል ክርክርም አያዋጣም፤ ትኩስ ሆኖ እንዲሸጥ የተዘጋጀ እስከሆነ ድረስ፣ በሽያጩ ሰዓት ቢበርድም በሕግ ዓይን ትኩስ ነው። በአንጻሩ ለብቻው ተገዝቶ የሚወሰድ ትኩስ ቡና ነፃ ነው፤ ከምግብ ጋር ተጣምሮ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ግን ነፃነቱን ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወጥመድ ግን «ሰማንያ ሰማንያ» የሚባለው ደንብ ነው። ከጠቅላላ ሽያጩ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ምግብ የሆነ፣ ከምግብ ሽያጩም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ታክስ የሚከፈልበት ነጋዴ፣ እዚያው ሊበላ በሚችል መልክ አዘጋጅቶ ለሚወስዱ ደንበኞች በሚሸጠው ቀዝቃዛ ምግብ ላይም ታክስ ይከፍላል። ከዚህ የሚያመልጠው ያንን ሽያጭ ለይቶ መዝግቦ በሰነድ ካስረዳ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ባለ ምግብ ቤቷ እንመለስ። «በመርሕ ደረጃ» ያልኩት ለዚህ ነበር። የሽያጭ መመዝገቢያዋ የሚወሰደውን ቀዝቃዛ ምግብ የማይለይ ከሆነ፣ የቲማቲም ፍትፍቱ ነፃነት በወረቀት ላይ ይቀራል። ከደንበኛው ያልሰበሰበችውን ታክስ፣ ኦዲተር ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሲመረምር፣ ከነወለዱ ከራሷ ኪስ ታወጣዋለች። ትልቁ ኩባንያ ይህን የሚከታተል የሒሳብ ክፍል አለው፤ እሷ ያላት ምሽት ላይ ደረሰኝ የሚደምር አንድ የቤተሰብ አባል ሊሆን ይችላል።

አውሮፓውያን ያንኑ መስመር በሌላ መለኪያ አሰመሩ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በዴንማርክና በጀርመን መካከል በሚመላለስ መርከብ ላይ የሚቀርብ ምግብ አገልግሎት ነው ሲል፣ በ2011 ደግሞ ከተንቀሳቃሽ መሸጫ የሚሸጥ ትኩስ ቁርስ በመሠረቱ ሸቀጥ ነው አለ። መለኪያው የመስተንግዶው መጠን እንጂ ሙቀቱ አልነበረም። በዚሁ መሠረት ጀርመን ለረጅም ዓመታት ተቀምጦ በሚበላ ምግብ ላይ 19፣ በሚወሰደው ላይ 7 በመቶ ስታስከፍል ኖራለች። በወረርሽኙ ምክንያት በ2020 የመጀመሪያውን ዝቅ አደረገች፤ በ2024 ወደ 19 መለሰችው፤ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ፣ ከመጠጥ በቀር፣ ወደ 7 አወረደችው። በብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን በ2012 በትኩስ መጋገሪያዎች ላይ 20 በመቶ ሊጥሉ አስበው ሕዝቡ ስለተቆጣ፣ ከምድጃ ወጥቶ በራሱ ጊዜ እየበረደ የሚሸጠውን ለመተው ተገደዋል።

እኛስ? የሽያጭ ታክስን የተካው አዋጅ ቁጥር 285/1994 መደበኛ ምጣኔውን 15 በመቶ አደረገ፤ በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 1341/2016ም ምጣኔውን አልለወጠውም። ለሚበላና ለሚወሰድ የምግብ ቤት ምግብ የተለያየ ምጣኔ የለንም። የእኛ መስመር የሚያልፈው በተመዘገበውና ባልተመዘገበው ነጋዴ መካከል ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች ለአንድ ዓይነት ሽሮ የተለያየ ሒሳብ የሚያቀርቡት ስለዚህ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ደንባችን የአሠራር ቅለት አለው፤ ይህን ቅለት በቀላሉ መጣል የለብንም። ለድሃ የሚደረግ ድጋፍ በምግቡ ሙቀት ወይም በመጠቅለያው ሲለካ ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል። ምድጃ የሌለው የቀን ሠራተኛና በኪራይ ክፍል የሚኖር ተማሪ ትኩስ ምግብ የሚገዙት ቅንጦት አምሯቸው አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ደንብ ግን ታክሱን የሚጥለው በእነሱ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛ ሰላጣ አስጠቅሎ የሚሄደው ባለ ደመወዝ ነፃ ሲወጣ።

ተማሪዎቼ በዚህ ጉዳይ ላይ ስትመራመሩ፣ አዋጁን ብቻ አታንብቡ። ደረሰኙን ከሚቆርጠው ሰው አጠገብ አንድ ቀን ዋሉ፤ ደንቡን በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ በትክክል ሊሠራበት ይችል እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ይዛችሁልኝ ኑ።