ርቱዕ ክርክር ለወጣቶቻችን
(በሽንዲ ለሰበካ ጉባኤያት ከተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ውድድር፣ ርእሱ ከተነገረ በኋላ ለዝግጅት የሚሰጠው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ተማሪው ወገኑን አይመርጥም፤ ይመደብለታል። ስለዚህ የማይስማማበትን ሐሳብ እንኳ መርምሮ ይሟገትለታል።

ነገሩ ለጎጃም ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን «በልሃ ልበልሃ» ብለው ተሟግተዋል፤ በዋሸራ ጉባኤ ቤትም ተማሪው ቅኔውን በመምህሩ ፊት እያቀረበ፣ እየታረመ አድጓል።

ዛሬ ግን ወጣቶቻችን ሲጣሉ ከቃል ዱላ ሲቀድም እናያለን። ስለሆነም የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሾቻችን በወር አንድ ቀን ለተማሪዎች ክርክር እንዲከፈቱ እንጠይቃለን። የወል ግጦሹ ለደን ይከለል ወይስ ለከብት ይተው? በዚህ ይሟገቱ፤ የቅኔ መምህራን ይዳኙ። የባላጋራውን ቃል እስከ ፍጻሜው መስማት የለመደ ወጣት ለዕርቅ ቅርብ ነው።