ማልማትና መጠበቅ፦ ቲማቲም በሚቀላበት ወቅት ስለሚደረግ እንክብካቤ

(በጓሮ አትክልት ልማት ሥልጠና ላይ ለተሳታፊዎች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመስከረምና በጥቅምት ችግኝ አፍልታችሁ፣ ወደ መደብ አዛውራችሁ፣ ድጋፍ እንጨት ተክላችሁ ያሳደጋችሁት ቲማቲም እነሆ ፍሬውን አንጠልጥሎ ይታያል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን “እንግዲህ ሥራው አልቋል፤ የቀረን መልቀም ብቻ ነው” እንላለን። ዛሬ ላሳስባችሁ የወደድሁት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ቲማቲም ካበበ በኋላ ፍሬው እስኪበስል እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ሙቀት ከ45 እስከ 60 ቀናት ይፈጃል። ከእነዚህም ቀናት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የወራት ድካም የሚድንባቸው ወይም የሚጠፋባቸው ናቸው።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው አዳም በገነት ሲኖር የተሰጠው አደራ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ማልማት፣ ሁለተኛው መጠበቅ። አደራው የተሰጠው ከበደል በፊት ነውና ሥራ ክብር እንጂ ቅጣት ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። እኛ ግን ማልማቱን ስናከብር መጠበቁን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ስለዚህ የዛሬው ትምህርቴ ስለ መጠበቅ ነው።

አስቀድሜ ቲማቲም ለጾመኛ ቤት ምን እንደሚጠቅም ልናገር። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይተን የምንመገበው በአብዛኛው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን ነው። በጥራጥሬ ውስጥ ለደም የሚያስፈልገው ብረት አለ፤ ሆኖም ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ቲማቲም የያዘው ቫይታሚን ሲ ይህን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ ከምስር ወጡ ጎን የሚቀርብ የቲማቲም ሰላጣ ወይም ፍትፍት ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ በተለይም ለእናቶችና ለልጃገረዶች የጤና ጥቅም አለው። ቲማቲሙን ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ደግሞ በዘይት ተቁላልቶ ሲበስል ለሰውነት ይበልጥ ይስማማል። እንግዲህ ጥሬውም ስልሱም ተራ በተራ በማዕድ ላይ ቢገኝ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። የመጀመሪያው ጉዳይ ውኃ ነው። ፍሬው እየሞላ ሳለ ተክሉ ለብዙ ቀናት ተጠምቶ ከርሞ ድንገት ውኃ ቢጥለቀለቅበት፣ ልጣጩ ከውስጥ የሚገፋውን ውኃ መቋቋም ተስኖት ይሰነጠቃል። በሌላ ጊዜ ደግሞ የፍሬው ታችኛ ጫፍ ጠቁሮ ይሰረጉዳል። ይህን ያየ ሰው ተላላፊ በሽታ መስሎት መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። ነገር ግን ይህ ከተባይም ከሻጋታም የመጣ አይደለም፤ ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚታይ ጉዳት ነው። ካልሲየምን ከአፈር ወደ ተክሉ የሚያጓጉዘው ውኃ ነውና፣ ውኃው ሲቆራረጥ ንጥረ ነገሩ በአፈሩ ውስጥ ቢኖር እንኳ ፍሬው አያገኘውም። መፍትሔው ርጭት ሳይሆን ሳይቆራረጥ በልክ የሚጠጣ ውኃ ነው።

ልኩን ለማወቅ ጣታችሁን ወደ አፈሩ አስገቡ። እስከ ጣታችሁ ሁለተኛ አንጓ ድረስ ደርቆ ካገኛችሁት አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። በየቀኑ ላዩን ብቻ ከመርጨት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ እስከ ሥሩ እንዲዘልቅ ማጠጣት ይሻላል። ጊዜው ማለዳ፣ ቦታው የግንዱ ሥር ይሁን፤ ቅጠሉንና ፍሬውን አታርጥቡ። መደቡን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል፣ አረሙን ይቀንሳል፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ፍሬም አፈር እንዳይነካ ያደርጋል። ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳያፍነው በዙሪያው ጥቂት ክፍት ቦታ ተዉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅጠል ነው። ፍሬው ፀሐይ አግኝቶ ቶሎ እንዲቀላ በማሰብ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው የሚቆርጡ አሉ። ይህ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቲማቲም ለመቅላት በፍሬው ላይ የሚያርፍ ፀሐይ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መጠነኛ ሙቀት ነው። እንዲያውም ጥላውን የተገፈፈ ፍሬ በፀሐይ ተቃጥሎ ነጭ ጠባሳ ያወጣል፤ በዚያም በኩል ይበሰብሳል። የፍሬው ጣፋጭነትም የሚሠራው በቅጠሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ መሬት የነኩትን፣ ቢጫ የሆኑትንና የታመሙትን ታችኛ ቅጠሎች ብቻ አንሡ። ወደ ላይ የሚመዘዝ ዝርያ ከሆነ ወቅቱ ከማለቁ አንድ ወር ያህል ቀደም ብላችሁ ጫፉን ቁረጡት፤ ተክሉ ለአዲስ አበባ የሚያወጣውን ጉልበት ለያዘው ፍሬ ያውለዋል። ዩሪያ መጨመርም በዚህ ጊዜ ይቁም፤ ቅጠል ያበዛል እንጂ ፍሬ አያበስልም።

ሦስተኛውና እጅግ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ተባይና መድኃኒት ነው። በዚህ ዘመን ቲማቲማችንን ከሚያጠቁት ተባዮች ዋነኛዋ ቱታ አብሶሉታ የተባለች ትንሽ የእሳት ራት ናት። መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ስፔን ውስጥ ከታየች በኋላ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻግራ፣ ወደ እኛም ሀገር ደርሳለች። ትሏ በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል እየሰረሰረች ነጣ ያለ ስስ ቦታ ትተዋለች፤ ወደ ፍሬውም ብዙ ጊዜ በእንብርቱ አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ሽንቁር ትገባለች። ከገባች በኋላ በላይ የሚረጨው መድኃኒት አያገኛትም፤ ያን ጊዜ መርጨት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

በጓሮ ላለ ለጥቂት ተክል ዋነኛው መከላከያ ዐይንና እጅ ነው። በየማለዳው ተክሉን እየዞራችሁ ተመልከቱ። የተሰረሰረውን ቅጠልና የተበሳውን ፍሬ ለቅማችሁ ፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩና ለበርካታ ቀናት ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ትሏ በሙቀቱ ታልቃለች። በመደቡ ዳር ወይም በብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት፤ ተመልሳ ትወጣለችና። እንዲሁም ቅጠሉ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት መስሎ ሲጠወልግና ሲጠቁር፣ በፍሬውም ላይ ጠንከር ያለ ቡናማ ጠባሳ ሲወጣ ብታዩ፣ ብርድና እርጥበት የሚወድ በሽታ ነውና የታመመውን ሳትዘገዩ ነቅላችሁ አስወግዱ። ይኸው በሽታ ድንችንም ስለሚያጠቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አትዝሩ።

ወገኖቼ፤ መድኃኒት የግድ ሲያስፈልግ ደግሞ ሕጉን መጠበቅ ይገባል። እያንዳንዱ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ፍሬው ሳይለቀም መቆየት ያለበት የቀናት ብዛት አለው፤ በዕቃው መለያ ጽሑፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማንበብ የማይችል ሰው የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። ዛሬ ረጭቶ ነገ መልቀም፣ ለጎተራ እህል ወይም ለቤት ውስጥ ተባይ የተዘጋጀውን በቲማቲም ላይ ማርከፍከፍ፣ የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃ ለውኃ ወይም ለዘይት መያዣ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን መመረዝ ናቸው። ወደ ፍሬው ውስጥ የዘለቀውን መርዝ እጥበት አያወጣውም። የሜዳው ቲማቲም ወደ ማያውቁት ሰው ገበያ ይሄዳል፤ የጓሮው ቲማቲም ግን ከመደቡ በቀጥታ ወደ ልጅ አፍ ይገባል። ሕፃን በጨዋታ መካከል ቀጥፎ ሳያጥብ ይበላዋል። ፍሬ መቅላት ሲጀምር ደግሞ በየሁለት ቀኑ ስለሚለቀም፣ የመጠበቂያውን ቀናት ማክበር አይቻልም። ስለዚህ የምመክራችሁ ቁርጥ ያለ ምክር ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ፍሬ ቀለም ከቀየረበት ቀን ጀምሮ በጓሮ ቲማቲም ላይ መርዝ አይረጭ። ጥቂት ፍሬ በትል ቢበላ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ልጅ ቢታመም ግን በምንም አይተካም። ለጎረቤት ወይም ለገበያ የምናቀርበውም ለልጃችን የማንሰጠው ሊሆን አይገባም።

አራተኛው ጉዳይ የመልቀሚያው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ፍሬው ተክሉ ላይ ሳለ ደም እስኪመስል ይጠብቃል። በዚህ መካከል ወፍ ይጎረድመዋል፣ ትል ይበሳዋል፣ ይሰነጠቃል። ቲማቲም ሙሉ ዕድገቱን ጨርሶ በታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ሮዝ ወይም ቢጫ ፍንጣቂ ካሳየ፣ ተቆርጦም ቢሆን መብሰሉን ይቀጥላል፤ ጣዕሙም ብዙ አይጎድልበትም። ጮርቃው ግን ተቆርጦ አይበስልም፤ ይጨማደዳል እንጂ። አረንጓዴ ሆኖ ሳለ መድረሱን ለመለየት አንዱን በቢላ ክፈሉት፤ ፍሬ ዘሩ በሚያዳልጥ ፈሳሽ ተከቦ ቢላው ሳይቆርጠው የሚንሸራተት ከሆነ ደርሷል። ውርጭ የሚያሰጋችሁ የደጋ ሰዎች ይህን ምልክት በቃላችሁ ያዙት። ለቀማው በማለዳ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ ፍሬውን አትጎትቱት፣ ከእንብርቱ በላይ ካለው አንጓ በቀስታ ቀንጥሱት።

የተለቀመውን በአንድ ረድፍ፣ እንብርቱን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ ዘርጉት። በጆንያ ወይም በጥልቅ ዕቃ የተደራረበ ቲማቲም የታችኛው በላይኛው ክብደት ይፈርጣል። ለመብሰል የሚስማማው ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዩ ቀለም በደንብ አይወጣም፣ ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ብርዱ ከበዛም ይዘገያል፤ ያልበሰለውን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ጣዕሙን ያጠፋዋል። ቶሎ እንዲቀላ ከፈለጋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን ውስጥ አኑሩት፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያፋጥነዋል። በየቀኑ እየፈተሻችሁ የበሰበሰውን አውጡ፤ አንዱ የተበላሸ ሌላውን ያበላሻልና።

የሁሉም ቤት ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲበስል የገበያው ዋጋ ይወርዳል። ያን ጊዜ በርካሽ ከመጣል ማድረቅን አስቡ። ጤናማውን ፍሬ አጥባችሁ በስሱ ቁረጡት፣ ጥቂት ጨው ነስንሱበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ሲታጠፍ እርጥበት የማያወጣ ሲሆን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አኑሩት። ዋጋው በሚወደድበት ወቅት ለስልስ ይደርስላችኋል።

ለዘር የምታስቀሩትንም ከአሁኑ ምረጡ። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደወጡት እንደ መልካ ሾላ ያሉት ዝርያዎች ዘራቸው ተይዞ መልሶ ሊዘራ ይችላል፤ ከዲቃላ ዘር የተገኘው ግን እናቱን አይመስልም። ከጤናማው ተክል በደንብ የቀላውን ፍሬ ወስዳችሁ ዘሩን ከነፈሳሹ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት አቡኩት፣ ከዚያ አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። ካንዲት ፍሬ የሚገኘው ዘር ለእናንተም ለጎረቤታችሁም ይበቃል።

አባቶቻችን የእርሻቸውን በኩራት ወደ ቤተ እግዚአብሔር ያመጡ እንደነበር እናውቃለን። በኩራት ሆኖ የሚቀርበው ፍሬ ንጹሕ መሆን እንዳለበት ሁሉ፣ ለልጆቻችንና ለነዳያን የምናቀርበውም ንጹሕ ይሁን። ከነገ ማለዳ ጀምሮ ወደ መደባችሁ ስትወጡ ሦስት ነገር አድርጉ፤ አፈሩን በጣታችሁ መርምሩ፣ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ፣ ጫፉ የቀላውን ፍሬ ለቅማችሁ ወደ ቤት አስገቡ። ይህ በቀን ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።

እግዚአብሔር የድካማችሁን ፍሬ በጤና ያብላችሁ፤ ጓሮአችሁን ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።