አሮጌው የችግኝ አፈር አይጣል



ዛሬ ከፊደሉ በፊት ስለ አፈር ጥቂት እናውራ። «አንድ ተማሪ ለገበሬ ስለ አፈር ምን ይነግረዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነቱን ነው። የማሳውን አፈር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ የማወራው ችግኝ ከደረቀበት ፕላስቲክና ከአሮጌ መደብ ስለሚተርፈው አፈር ነው። እሱንም የተማርኩት አጥፍቼ ነው።

አምና አንዲት እናት ያስቀመጡትን የበርበሬ ዘር ሰጡኝ። እኔም የተራረፈ አሮጌ አፈር ሰብስቤ ዘራሁበት። አበቃቀሉ ደስ ይል ነበር። በኋላ ግን ችግኙ አንገቱ ላይ እየቀጠነ፣ እየጠቆረ ይወድቅ ጀመር። ከ60 ችግኝ የተረፈው 11 ብቻ ነው። እኚያ እናት አልተቆጡኝም። ነገር ግን ለዓመቱ የጨውና የሳሙና መግዣቸው ያ በርበሬ ነበር።

ምን ነካው? በአሮጌ አፈር ውስጥ ዓይን የማያየው ሻጋታ ይቀመጣል። ለጋውን ችግኝ ሲያገኝ አንገቱን ያበሰብሰዋል። እኔ ደግሞ አጠጋግቼ ዘርቼ፣ ጧት ማታ ውሃ ሳጠጣ አገዝኩት።

ታዲያ አሮጌውን ጥለን ከቀርከሃው ሥር አዲስ ጥቁር አፈር ብንቆፍርስ? እሱ አፈር እኮ የስንት ዓመት ቅጠል ረግፎ የበሰበሰበት ነው። በየዓመቱ ከተቆፈረ ሥሩ ይራቆታል፤ የቀረውን ክረምት ጠርጎ ይወስደዋል።

ሌላ አገር እንዴት ያደርጋሉ? በህንድና በስሪላንካ ኮኮናት የሚባል ዛፍ በብዛት ይበቅላል። የፍሬው ልጣጭ ቃጫ አለው። ከቃጫው ገመድ ይሠራሉ። የሚተርፈው ብናኝ ውሃ ስለሚይዝ ችግኝ ይተከልበታል፤ ወደ ብዙ አገርም ይሸጣል። ብናኙ ጨው ስለሚኖርበት አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። አንዴ ከተተከለበት በኋላም ብዙዎች አይጥሉትም። ሥሩን ለቅመው፣ አጥበው፣ በሙቀት አጽድተው እንደገና ይተክሉበታል። እኛ ኮኮናት ባይኖረንም አፈሩ አለን። የአሶሳን የበጋ ፀሐይ ደግሞ ማን ይከለክለናል?

ሥራው እንዲህ ነው። አፈሩን አፍርሱና ሥሩን ልቀሙ። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተቋጠረ ነገር ካያችሁ ሥር የሚበላ ጥቃቅን ትል ሊሆን ይችላል። ሥሩን አቃጥሉት፤ ያንንም አፈር ለበርበሬና ለቲማቲም አታድርጉት። በላዩ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካለው ውሃ ደጋግሞ አልፎበት ይውረድ።

ከዚያ በደልዳላ ቦታ አፈሩን አስጡት። ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር አይብለጥ። ውሃ አርከፍክፉበት። በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ይሁን። ደረቅ አፈር ላይ ሙቀቱ በደንብ አይሠራም። ቀጥሎ በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ዳሩንም ዙሪያውን በአፈር ድፈኑት። ፕላስቲኩ የሚያሳይ ነጭ ይሁን እንጂ ጥቁር አይሁን። ብዙ ሰው ጥቁሩ ይበልጥ ያሞቃል ይላል፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጥቁሩ ግን ራሱ ይግላል እንጂ ፀሐዩን ወደ አፈሩ አያሳልፍም። በየካቲትና በመጋቢት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። ፕላስቲክ ያጣ ሰው ለትንሽ መደብ የፈላ ውሃ ያፍስስበት፤ ማገዶው ግን ያሳዝናል።

ፀሐይ በሽታውን ይቀንሳል እንጂ አፈሩን አያደልብም። ስለዚህ ለ3 ቆርቆሮ አፈር 1 ቆርቆሮ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ጨምሩበት። እርጥብ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል። አፈሩ የሚጣበቅ ከሆነ የወንዝ አሸዋ ይግባበት።

ጊዜውን አስቡ። የማንጎ ፍሬ ከተበላ በኋላ ዘሩ ውሎ ካደረና ከደረቀ መብቀል ያቅተዋል። አፈሩ ማንጎው ሳይበስል ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

እኚያ እናት ዘንድሮም ዘር ሰጥተውኛል። ከቤታቸው ጀርባ የሸፈንነው አፈር ቅዳሜ 6 ሳምንት ይሞላዋል፤ ጧት እንገልጠዋለን። የምትመጡ ሰዎች አካፋችሁን አጥባችሁ ኑ። የቆሸሸ አካፋ የጸዳውን አፈር መልሶ ይበክለዋል።